«የቅጣት ዕዳ የለባችሁም» የሚል ፍርድ ብቻ መጠየቅ ይቻላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የግል አሠሪ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሠርተን ጊዜያዊ ርክክብ ፈጽመናል። አሠሪው ግን ዘግይታችኋል፣ የውሉን ዋጋ 10 በመቶ ቅጣት ትከፍላላችሁ ብሎ ደብዳቤ ጻፈልን። የዘገየነው ዲዛይኑ በመቀየሩ ነው፤ አማካሪ መሐንዲሱ የጊዜ ማራዘሚያ የሰጠበት ደብዳቤ በእጃችን አለ። ውሉ የግልግል አንቀጽ የለውም።

አሠሪው አይከሰን፣ ደብዳቤውን አያነሳ። በሽማግሌም ሞክረን አልሆነም። ባንካችን ደግሞ ይህ ጉዳይ ሳይቋጭ ለአዲስ ጨረታ ዋስትና አልሰጥም ብሎ በጽሑፍ አሳወቀን። ሠራተኞቻችን ሥራ ፈትተዋል፤ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ቅጣቱ እንደማይመለከተን ፍርድ ቤት እንዲወስንልን ክስ አዘጋጅተናል። ያማከርነው ጠበቃ ግን «ገንዘብ ሳትጠይቁ፣ እሱም ሳይከሳችሁ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33(2) መሠረት ጥቅም አላሳያችሁም ተብሎ ውድቅ ይሆናል» አለን። አሠሪው ከክፍያችን ላይ የያዘብን ገንዘብ የሚለቀቀው በመጨረሻ ርክክብ ስለሆነ ዛሬ ልንጠይቀው አንችልም። በእኔ እምነት የባንኩ እምቢታ ራሱ ጥቅማችን መነካቱን ያሳያል።

በተመሳሳይ ጉዳይ የተከራከራችሁ፣ የባንኩን ደብዳቤ አያይዘን ዕዳ የለብንም የሚል ፍርድ ብቻ ብንጠይቅ ፍርድ ቤቱ ክሱን ይቀበለናል?