ከሜሪላንድ የሚመጣ ያማሃ ኤ-ኤስ501 አምፕሊፋየር በእኛ 220 ቮልት ይሠራል? ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ

ጠያቂ፣ ሐዋሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለገና ሲመጣ ያማሃ ኤ-ኤስ501 አምፕሊፋየሩን ሊያመጣልኝ ነው። ለራሱ ገዝቶ አራት ዓመት ተጠቅሞበታል፤ ወደ ጠባብ ቤት ስለተዛወረ ለእኔ እንዲሆን ወሰነ። ሸክላ ማጫወቻውንም ይጨምርልኛል። እኔ ጋር ያሉት ሁለት ባለ 8 ኦም መካከለኛ ስፒከሮች ናቸው። ሳሎናችን 4 በ5 ሜትር ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ።

የጀርባውን ፎቶግራፍ ልኮልኝ ሳየው «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ተጽፎበታል። የእኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «የቮልት መቀነሻ ግዛና ተገላገል» ይለኛል፤ ሌላው «ይቃጠልብሃል፣ እዚያው ይሽጠው» ይላል። ሁለቱም እንዲህ ያለ ዕቃ ኖሯቸው አያውቅም። ዕቃውን የያዛችሁ ሰዎች ብትነግሩኝ፦ ድምፁ እንዴት ነው? ከአሜሪካ የመጣውን እዚህ አገር ያሠራ አለ? ምን አስቸገረው?

ይበልጥ የማስበው ለአባቴ ነው። አምሃ ሪከርድስ በ1960ዎቹ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎች በካርቶን ሙሉ አሏቸው፤ ማጫወቻቸው ከተበላሸ 20 ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን ብቻ አሰምቶ የሚቃጠል ነገር ፊታቸው ማቅረብ አልፈልግም።

መልስ፣ አዳማ፦

ያንኑ ዕቃ ከያዝኩት ስድስት ዓመት ሆነኝ። የእኔ ከዱባይ ስለመጣ በቀጥታ ከግድግዳ ይሰካል፤ የቮልቱን ነገር የሚያውቁ ይንገሩህ፣ እኔ ስለ ድምፁ ልንገርህ።

በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሞዴል ነው። በ8 ኦም በእያንዳንዱ ወገን 85 ዋት ይሰጣል፤ ለአንተ ሳሎን ከበቂ በላይ ነው። እኔ የድምፅ ማዞሪያውን ከግማሽ በላይ ያዞርኩበት ቀን የለም። ድምፁ ንጹሕ ነው። ክራር ሲመታ ጣት ከክሩ ላይ የምትላቀቅባትን ትንሽ ኮሽታ መጀመሪያ የሰማኋት በዚህ ዕቃ ነው፤ በቀድሞው ቴፔ ያንኑ ዘፈን ለዓመታት ስሰማ አላውቃትም ነበር። ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ቤዝ ለለመደ ሰው ግን መጀመሪያ ላይ ቅር ሊለው ይችላል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ እኔም ሁለት ወር ሙሉ ተሳስቻለሁ። ፊቱ ላይ «ላውድነስ» የሚል ማዞሪያ አለ። ሰው ሁሉ ቤዝ መጨመሪያ ይመስለዋል፣ እስከ መጨረሻው ያዞረውና «ዕቃው ደካማ ነው» ይላል። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ «ፍላት» ላይ ታደርገዋለህ። ቀጥለህ ዋናውን ማዞሪያ አንተ ልትሰማ እስከምትፈልገው ከፍተኛ ድምፅ ድረስ ታወጣዋለህ። ከዚያ በኋላ ዋናውን ሳትነካ ድምፁን በላውድነሱ ትቀንሳለህ። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮአችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ከመካከለኛው ቀድሞ ያጣል፤ ይህ ማዞሪያ መካከለኛውን ይበልጥ ስለሚቀንስ ሚዛኑ ይጠበቃል። ልጆቼ ከተኙ በኋላ የምሰማው በዚህ ነው፤ ከበሮውም ከንፈር ላይ ያለችው ትንፋሽም ሳይጠፉ።

«ፒዩር ዳይሬክት» የሚለው ቁልፍ ከተጫነ ላውድነሱም የቤዝ ማዞሪያውም አይሠሩም። ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ። ብሉቱዝ በውስጡ የለውም፤ ከስልክ ለማጫወት ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ከኋላው ትሰካለህ።

መልስ፣ ባሕር ዳር (ከ25 ዓመት በላይ ጥገና የሠራሁ)፦

ልጄ፣ ይሠራል። በሥርዓት ከያዝከው ነው እንጂ።

ስለ መቀነሻው ልጀምር። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛለህ። አንደኛው በውስጡ ብረትና የመዳብ ጥምጥም ያለው ከባዱ ትራንስፎርመር ነው፤ የምትፈልገው እሱን ነው። ሁለተኛው በመዳፍ የሚያዝ፣ ቀላል፣ «1600 ዋት» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ የተሠራ የመንገደኛ መቀነሻ ነው። ይህኛው የሚቀንሰው የኤሌክትሪኩን ሞገድ እየቆራረጠ ስለሆነ አምፕሊፋየር በጭራሽ እንዳትሰካበት። ከባዱንም ስትገዛ የተጻፈውን ዋት ብቻ አትመን፤ አንሥተህ እየው። 500 ዋት ተብሎ እንደ ባዶ ጣሳ የሚነሳ ከሆነ መልስለት። ለአንተ ዕቃ እውነተኛ 500 ዋት ይበቃሃል።

አሁን ወደ ኸርዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ወደሚመላለስበት ብዛት። መቀነሻው ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ ይበልጥ ይጫናል፣ ይሞቃል፣ አንዳንዴም ያጉረመርማል። ሒሳቡን ራስህ ሥራው፦ 120 ለ60 ሲካፈል 2 ነው። 120 ለ50 ሲካፈል 2.4፣ ማለትም 20 በመቶ ጭነት ተጨመረበት። 110 ለ50 ግን 2.2 ነው። ስለዚህ ወደ 120 ሳይሆን ወደ 110 የሚያወርደውን ምረጥ። የሚቀነሰው ኃይል በሳሎን ውስጥ የሚሰማ አይደለም። አንድ ሰዓት ካጫወትከው በኋላ እጅህን ክዳኑ ላይ አሳርፍ፤ ሳትነጥቅ ማቆየት ከቻልክ ደኅና ነው። ካልቻልክ አጥፋውና አሳየኝ ወይም በአቅራቢያህ ላለ ባለሙያ አሳይ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ከአሜሪካ የመጣ አምፕሊፋየር አመጣልኝ፤ ክዳኑን ስከፍተው የተቃጠለ የቫርኒሽ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሁለት ዓመት በመቀነሻ ያለ ችግር ሠርቶለታል። ለበዓል ቤት ሲጸዳ ዕቃው ተነሥቶ ነበር፤ የመለሰው ሰው መሰኪያውን መቀነሻው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ካለው ማከፋፈያ ላይ ሰካው። ማከፋፈያዎቻችን ደግሞ ጠፍጣፋውንም ክቡንም እግር ይቀበላሉ። ያ ጥምጥም ተቃጥሎ አለቀ። ስለዚህ መሰኪያውን በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልለህ «110» ብለህ ጻፍበት፤ በአቅራቢያውም ሌላ ማከፋፈያ አታስቀምጥ። በቤት ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ንገር።

መልስ፣ ድሬዳዋ፦

እኔ በዚህ አልስማማም። ወንድምህ እዚያው ሸጦ በገንዘቡ ባለ 220ውን ከዱባይ ቢያስመጣልህ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል። መቀነሻ ሲጨመር አንድ የሚበላሽ ነገር ተጨመረ ማለት ነው፣ ይሞቃል፣ ቦታ ይይዛል፣ ያጉረመርማል። እኔ ሦስት ዓመት በመቀነሻ ሠርቼ በመጨረሻ ሰልችቶኝ ለውጬዋለሁ። ዕቃው አልተቃጠለም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ግን እንደገና ብጀምር በዚያ መንገድ አልሄድም።

ጠያቂ፣ ሐዋሳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የድሬዳዋው ወንድሜ ያለው ገብቶኛል፤ ነገር ግን ስጦታ ስለሆነ ሽጠው ለማለት አፌ አልደፈረም። የባሕር ዳሩ ጋሼ፣ የቤታችንን መብራት በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ለካሁት፦ ምሽት 1 ሰዓት ላይ 195 ቮልት፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 238። ስታብላይዘር አለኝ። የትኛው ይቅደም?

መልስ፣ ባሕር ዳር፦

ስታብላይዘሩ ከግድግዳው ይሰካ፣ መቀነሻው ከስታብላይዘሩ፣ አምፕሊፋየሩ ከመቀነሻው። ስታብላይዘር ከሌለ ምሽት ላይ 97 ቮልት፣ ሌሊት ደግሞ 119 ነው የሚደርሰው፤ ግማሽ በግማሽ ነውና። 97ቱ አይጎዳውም፤ 119ኙ ከ50 ኸርዝ ጋር ሲደመር ነው ሙቀቱን የሚያመጣው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማብሪያውን አጥፋ፤ ሲመጣም አምስት ደቂቃ ታገሥ። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ኃይል ነው ዕቃ የሚገድለው።

መልስ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ሁላችሁም ስለ አምፕሊፋየሩ ስትነጋገሩ ሸክላ ማጫወቻው ተረሳ፤ ዋናው ወጥመድ ያለው እዚያ ነው።

እኔ ከዚህ አንድ ማጫወቻ ጎንደር አክስቴ ቤት ወስጄ በመቀነሻ አሠራሁት። ዘፋኙ የታመመ ይመስል ድምፁ ወፍሮ ይጎተታል። መርፌው ነው ብዬ ለወጥኩ፤ ምንም። በመጨረሻ ከሸክላው መሃል ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፌ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። በደቂቃ 45 መዞር ሲገባው 37 ተኩል ነው የዞረው። የአንዳንዱ ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከኸርዙ ነው፤ ለ60 የተሠራው በ50 ሲገባ ከስድስት እጅ አንድ እጅ ፍጥነቱን ያጣል። ይህን መቀነሻ አያድነውም።

ወንድምህ ከመጫኑ በፊት ገመዱን ይመልከት። ከጫፉ ትንሽ ጥቁር አዳፕተር ካለውና «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ከተባለበት፣ እግሩን ብቻ ቀይረህ ያለ መቀነሻ ትጠቀምበታለህ። ገመዱ በቀጥታ ማጫወቻው ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ሞዴሉን ይጠይቅ፤ ለ50 ኸርዝ የሚሆን ትንሽ ቀበቶ ማዞሪያ የሚሸጥላቸው አሉ።

ከኤ-ኤስ501 ጀርባ «ፎኖ» የሚል የሸክላ ማጫወቻ መግቢያና የኧርዝ ብሎን አለ፤ ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን ሽቦ ብሎኑ ላይ ካላሰርክ ያለማቋረጥ ይጮሃል። ማጫወቻው የራሱ ማጉያ ካለው ደግሞ ወይ እሱን አጥፋ ወይ ከፎኖው ሌላ መግቢያ ተጠቀም፤ ሁለት ጊዜ ከተጎላ ድምፁ ይሻክራል። ለጉዞው የመርፌውን ራስ ፈትታችሁ ለብቻው ያዙት፣ የሚዞረውን ሳሕን አውጥታችሁ በልብስ ጠቅልሉት። አምፕሊፋየሩ 10 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 23 ኪሎ ከሚፈቀድበት ሻንጣ ግማሽ ገደማውን ይወስዳል።

መልስ፣ አዲስ አበባ፦

እኔ በኮንዶሚኒየም ቤት ከእናቴ ጋር ሆኜ ነው የምጠቀምበት፤ ሦስት ነገር ብቻ ልጨምር።

ከቴሌቪዥን ጋር ስታገናኘው በኦፕቲካል ገመድ ይሁን። በሽቦ ሳገናኘው ከዲሹ ጋር ተያይዞ ሁልጊዜ እምምም ይል ነበር፤ ኦፕቲካሉ የሚያስተላልፈው ብርሃን ስለሆነ ጩኸቱ በዚያው ቀረ። ድምፅ እምቢ ካለህ የቴሌቪዥኑን የድምፅ ማስተካከያ ወደ ፒሲኤም ለውጠው።

ሁለተኛ፣ እናቴ ገና እንደመጣ ዳንቴል አለበሰችው፤ ለእርሷ ክብር መስጠቷ ነው። ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች ግን መተንፈሻው ናቸው፣ ያንተው ደግሞ ይበልጥ የሚሞቅ ነው። እኔ ዳንቴሉን ስፒከሮቹ ላይ እንድታደርገው ለምኜ ተስማማን።

ሦስተኛ፣ የስፒከር ሽቦ። ለ5 ሜትር ርቀት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። አንዱ ከተገለበጠ አይቃጠልም፣ ግን ቤዙ ይጠፋል፤ ዘፋኙም መሃል ላይ መቆሙ ቀርቶ በክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ሽቦው ምልክት ከሌለው አምፕሊፋየሩ ላይ ከመታሰሩ በፊት በ1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ነካ አድርገው፤ የድንጋዩ ፖዘቲቭ ወደ ስፒከሩ ቀይ የሚሄደውን ሽቦ ሲነካ የስፒከሩ የሚርገበገበው ሽፋን ወደ ውጭ ገፋ ማለት አለበት።

ጠያቂ፣ ሐዋሳ፣ ከጥምቀት በኋላ፦

እንኳን አደረሳችሁ። ውጤቱን ላሳውቃችሁ።

ሁሉም በሰላም ደረሰ። መቀነሻው ስታብላይዘሩን ተከትሎ 111 ቮልት ይሰጣል። አንድ ሰዓት ተኩል አጫውቼ እጄን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩ፤ ለብ ብሏል፣ አያቃጥልም። መቀነሻው በጸጥታ ሰዓት ሲያጉረመርም ስለሚሰማ ከመደርደሪያው አውርጄ ከሶፋው ጀርባ ጎማ ላይ አስቀመጥኩት። የማጫወቻው አዳፕተር ከ100 እስከ 240 የሚል ሆኖ ተገኘ፤ ወረቀት ለጥፌ ቆጠርኩት፣ 45 ልክ ነው። አንዱ ስፒከር በእርግጥም ተገልብጦ ነበር፤ ባትሪ ድንጋዩ ነገረኝ።

አባቴ ካርቶኑን ራሳቸው ከፈቱት። ሸክላዎቹ መሃላቸው ሰፊ ቀዳዳ ስለሆነ ቀለበት ይፈልጋሉ፤ ወንድሜ አብሮ ይዞት መጥቷል። አባቴ መርፌውን እኔ እንዳስቀምጠው አልፈቀዱም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግን ጫፉ ላይ አሳረፉት። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ኮሽ ኮሽታ ሲሰሙ «ይኼው» አሉ፣ ተቀመጡ። ሁለቱንም ገጽ ሰምተው እስኪጨርሱ አልተናገሩም።

ኮሽታው ግን በአንዳንዶቹ በዝቷል፤ 20 ዓመት የተኛ አቧራ ነው። በምን ይጸዳል? እናንተን ሳልጠይቅ ውኃ አላስነካቸውም።

መልስ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ደስ ብሎኛል። ከፋርማሲ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃ ግዛ፤ የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ኖራ ይተዋል። ለስላሳ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ ጥቂት አርጥበህ የመስመሮቹን ዙር ተከትለህ ጥረግ፣ አቋርጠህ እንዳትጠርግ። በመሃል ያለው ወረቀት እንዳይነካ። ሙቀት ሸክላውን ስለሚያጣምመው ፀሐይ ላይ አታስጣው፤ በጥላ ቀጥ አድርገህ አቁመው። መርፌውንም ከኋላ ወደ ፊት በለስላሳ ብሩሽ አጽዳው።