ገመድ አልባ ማውስ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ እስቲ እህታችሁን እርዷት። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ነው የምውለው። ያለኝ ባለ ሪሲቨር ማውስ (ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ ያለው) አበሳጭቶ ገደለኝ። ቀስቱ ይዘላል። አንዴ ስጫነው ሁለቴ ይቆጥራል፤ ትናንት የደመወዝ ፋይል ሳላስበው ከፈተብኝ። ላፕቶፔ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው ያለው፤ አንዱን ሃርድ ዲስክ ይዞታል። ብሉቱዝ ልግዛ ወይስ ባለ ሪሲቨር?

መልስ 1፦ ቀዳዳ ካጠረሽ ብሉቱዝ። ትንሽ ሳትነኪው ስትቆዪ ግን ይተኛል፤ እስኪነቃ ትጠብቂዋለሽ። እኔ ትዕግስት ስለሌለኝ ወደ ሪሲቨር ተመልሻለሁ።

መልስ 2፦ ቆይ፣ ሃርድ ዲስኩ ዩኤስቢ 3.0 (ፈጣኑ የዩኤስቢ ዓይነት) ነው? ከሆነ መዝለሉ የማውሱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። 3.0 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ አካባቢ ረብሻ ይፈጥራል፤ ሪሲቨሩም የሚሠራው እዚያው ላይ ነው። ሪሲቨሩን በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ከዲስኩ አርቂው። ሁለቴ መቁጠሩ ግን የቁልፉ ማርጀት ነው፤ ለርካሽ ማውስ ማስጠገን አያዋጣም።

መልስ 3፦ ሱቅ ስትሄጂ በእጅሽ ያዢው፤ ትንሽ ከሆነ ጣት ያሳምማል። ሪሲቨሩ ብዙ ጊዜ ባትሪ ቤቱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ሳትከፍይ ክዳኑን ከፍተሽ እዪ። እኔ ቤት ገብቼ ነው ባዶ መሆኑን ያወቅሁት!

ጠያቂዋ፦ ዲስኩን ነቀልኩት፣ መዝለሉ ቆመ! ሁለቴ መቁጠሩ ግን እንዳለ ነው። ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ፤ ባለ ሪሲቨር፣ ከነማራዘሚያው።