ለጤና ቢሮ የምናስገባው የጋራ ሐሳብ፦ ከዊልቸሩ በፊት ምን እንጠይቅ?

አስተባባሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። እስካሁን ያለው «ያለቀናቸው ተወልደው ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ላለባቸው ልጆች ዊልቸር ይሰጥልን» የሚልና «ወላጆችን ማስተማር» የሚል ብቻ ነው። የሚጨመር ካለ ተናገሩ፤ ይሉኝታ አያስፈልግም።

የመንትዮቹ እናት፦ ዊልቸሩ ይቅር አልልም። ግን እኛን የጎዳን ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ልጆቼ የተወለዱት በሰባት ወራቸው ነው። ኪሎ ሲጨምሩ ከማሞቂያ ክፍል ተሸኘን፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠራንም። ዳይፐር ስቀይር የአንዷ እግር አልከፈት ይለኛል፣ እንደ መቀስ ይቆላለፋል። ለክትባት በሄድኩ ቁጥር እናገራለሁ። መልሱ ያው ነው፦ «ያለቀኗ ስለተወለደች ነው፣ ትደርሳለች።» ዘመድ ደግሞ ወገሻ ጋ ውሰጃት ይላል። ፊዚዮቴራፒ ስትጀምር ሁለት ዓመት አልፏት ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ እህቴ የነገረችን እኛ ጋ በየሳምንቱ የምንሰማው ነው። በተለይ ከ32 ሳምንት በፊት በተወለደ ልጅ፣ አንጎል ውስጥ ፈሳሽ ባለባቸው ክፍተቶች ዙሪያ ያለው ነጭ ክፍል በቀላሉ ይጎዳል። ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ነርቮች በዚያው በኩል ስለሚያልፉ እግር ከእጅ ይልቅ ይገትራል። የአንጎሉ ጉዳት እየባሰ አይሄድም። ጡንቻው ግን ያጥራል፣ ዳሌም ቀስ በቀስ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «እስኪደርስ እንጠብቅ» የሚባለው ምክር ዋጋ ያስከፍላል። ወገሻን በተመለከተ፣ የተገተረ እግር በጉልበት አይጎተትም። በቃ።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። እናት ለክትባት መምጣቷ አይቀርም፤ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንትና በ9 ወር። ልጁ እዚያው ይታይ። አዲስ ቀጠሮ ብንጨምር ግን ታዝሎ በሁለት ታክሲ የሚመጣው ልጅ ይቀርብናል።

ሲስተር፦ እስማማለሁ፤ ግን ካርዱ ላይ ሊወለድ የነበረበት ቀንም ይጻፍ። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ ለ9 ወር ክትባት ሲመጣ የሚታየው እንደ 7 ወር ልጅ ነው። ይህ ካልተሰላ አንዷን እናት በከንቱ እናስደነግጣለን፣ ሌላዋን በከንቱ እናረጋጋለን። በዚህ ስሌት 9 ወር ሞልቶት ካልተቀመጠ፣ ወይም ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ሪፈር ይጻፍለት።

ደግሞ ስለ መከላከሉም አንድ አንቀጽ ይግባልኝ። ማግኒዢየም ሰልፌት ከደም ግፊት ጋር ለሚመጣ መንቀጥቀጥ ብለን የምንሰጠው መድኃኒት ነው። ከ32 ሳምንት በፊት ልትወልድ ለተቃረበች እናትም ቢሰጥ የልጁን አንጎል ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ መካከለኛና ከባድ ሴሬብራል ፓልሲ ከመቶ 3.5 ወደ 1.9 ወርዷል።

አናጢው አባት፦ ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ የሐኪሞች ሥራ አይደለም እንዴ? እኛ ወላጆች ነን። ነገሩ ከበዛ ቢሮው ሁሉንም መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ መድኃኒቱ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ካለ ወጪው ትንሽ ነው። የሚያስታውስ ሰው ነው የሚፈለገው። ወላጅ ሲጠይቅ ደግሞ ይሰማል።

አናጢው አባት፦ እሺ፣ አንድ አንቀጽ ብቻ። እኔ ወንበር ላይ ነው ሐሳቤ። ለልጄ ከኮምፔንሳቶ የማዕዘን መቀመጫ ሠርቼለታለሁ። ጀርባውን በሁለት በኩል ይደግፈዋል፣ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ አለው። አሁን እጁ ነፃ ስለሆነ እንጀራውን ራሱ ይጎርሳል፤ ቤቱን ሁሉ ወጥ ያደርገዋል እንጂ! እንጨቱ ከተገዛልኝ የእጅ ዋጋ አልጠይቅም።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ ጋሼ፣ በጣም ጥሩ። ልኬቱን ግን አብረን እንውሰድ። የአንዱ ልጅ ወንበር ለሌላው አይሆንም።

የመንትዮቹ እናት፦ «ወላጆችን ማስተማር» የሚለው ግን ይስተካከል። ትምህርት አላነሰንም፤ ስንናገር የሚሰማን ነው ያጣነው። «እናት ስጋት አለኝ ካለች ልጁ ሳይመረመር አይመለስ» ይባል።

አስተባባሪዋ፦ ይህ ቃል በቃል ይገባል። ዋናው ጥያቄ እንግዲህ የክትባት ቀን ምርመራና ካርዱ ይሆናል። ዊልቸርና መቀመጫ ይከተላሉ፣ የማግኒዢየሙ አንቀጽ መጨረሻ ላይ። ሲስተር የካርዱን ናሙና ይላኩልኝ። ፊዚዮቴራፒስታችን ደግሞ ስለ ዳሌ ራጅ ሁለት መስመር ጻፍልኝ፤ ከሁለት መስመር ካለፈ እቆርጠዋለሁ።