ማሽን ከመጠየቃችን በፊት ዕቃችንን እንቁጠር፦ ለማኅበሩ የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

ረቂቁን የያዘችው ነርስ

ሰላም ለሁላችሁም። በተበከሉ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ዕቃዎች ስለሚመጣ ኢንፌክሽን ማኅበሩ አንድ ሐሳብ ያቅርብ ተባብለን ረቂቁን ለእኔ ሰጣችሁኝ። ጻፍኩት። የመጀመሪያው መስመር «አዲስ አውቶክሌቭ (ዕቃ ላይ ያለ ተህዋስን በእንፋሎት ሙቀት የሚገድል ማሽን) ይገዛልን» የሚል ነበር። ሁለት ቀን አሰብኩበትና ሰረዝኩት።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። ሦስት ሃንድፒስ (ጥርስ የሚቦረቡረው ተሽከርካሪ መሣሪያ) አለ፣ አሥራ ሁለት ታካሚ ተራ ይጠብቃል። አንዱ ሃንድፒስ አውቶክሌቭ ውስጥ ነው፣ አንዱ ተበላሽቶ ለጥገና ተቀምጧል፣ አንዱ ከሰው አፍ አሁን ወጣ። ቀጣዩ ታካሚ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሏል። ያኔ እጅ ወደ አልኮሉ ይሄዳል። ጥጥ ነከር፣ ጠረግ ጠረግ፣ አለቀ። ይህን የሚያደርገው ሰው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ ዕቃ አጥሮት ነው። አውቶክሌቩማ አለ፣ ይሠራልም።

አልኮሉ ግን ውጩን ብቻ ነው የሚነካው። ሃንድፒስ መሽከርከሩን ሲያቆም ምራቅና ደም ወደ ውስጡ ሊስብ ይችላል፣ በሚቀጥለው ሰው አፍ ውስጥ ሲነሳ ደግሞ ያንኑ መልሶ ይረጨዋል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ሃንድፒስ ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ በሙቀት መምከን (ያለበት ተህዋስ ሁሉ መሞት) አለበት፣ ሌላ አማራጭ የለውም።

«134 ዲግሪ ላይ 3 ደቂቃ ይበቃል» እንላለን፣ ልክ ነው። ግን 3 ደቂቃው ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ያለው ብቻ ነው። መታጠቡ፣ መድረቁ፣ መታሸጉ፣ ማሽኑ እስኪግል፣ እንደገና እስኪያደርቅ፣ እስኪቀዘቅዝ ሲደመር አንድ ሰዓት አልፎም ይሄዳል። ይህን ሰዓት በታካሚ ቁጥር ሳናሰላ የምንጽፈው ሐሳብ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ሐሳቤ አንቀጽ አንድ ቆጠራ ይሁን ነው። በቀን ስንት ታካሚ፣ ስንት ሃንድፒስ፣ ስንት የጥርስ መንቀያ ዕቃ ስብስብ፣ አንድ ዕቃ ከአፍ ወጥቶ ለቀጣዩ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ? እስኪ ምን ትላላችሁ?

የጥርስ ሐኪም

ሲስተር፣ ያ ከሰዓት በኋላ የእኔም ነው። በደንብ ነው የጻፍሽው። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፣ ውሃው። ሃንድፒሱን አምክነን ስናበቃ ወንበሩ ውስጥ ባለው ቀጭን ቱቦ የሚመጣውን ውሃ ማንም አያየውም። ቱቦው ጠባብ ነው፣ ማታና ቅዳሜ እሁድ ውሃው ቆሞ ያድራል፣ ግድግዳው ላይ የሚያሙለጨልጭ የባክቴሪያ ሽፋን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተማ የወተት ጥርሳቸው ነርቭ የታከመላቸው ብዙ ሕፃናት ማይኮባክቴሪየም በሚባል ባክቴሪያ ተይዘው ሆስፒታል ገብተዋል፣ ለቀዶ ሕክምና የተዳረጉም ነበሩ። የመጣው ከጥርስ ወንበሩ ውሃ ነው። ልጅ ያለው ሰው ይህን አንብቦ ዝም ማለት አይችልም።

እኔ የምጨምረው፦ በታካሚና በታካሚ መካከል ውሃና አየሩ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይለቀቅ። ይህ ብቻውን ሽፋኑን አያነሳውም፣ ስለዚህ አምራቹ ባዘዘው መድኃኒት ቱቦው በየጊዜው ይጽዳ፣ ውሃውም ይመርመር። የሚጠበቀው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ500 ያልበለጠ የባክቴሪያ ቁጥር ነው። ድድ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ሲሠራ ግን የወንበሩን ውሃ ጨርሶ አንጠቀም፣ የመከነ ውሃ ብቻ።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ

ቆጠራው ይሁን። ግን እባካችሁ ስለ እጥበት አንድ ሙሉ አንቀጽ ስጡኝ። የደረቀ ደም ያለበት መቀስ አውቶክሌቭ ቢገባ ደሙ ይጋገርበታል እንጂ አይጠራም። ከሥሩ ያለው ተህዋስ ተሸፍኖ ሊያመልጥ ይችላል። መቆለፊያውን ከፍታችሁ፣ ማጠፊያው ላይ በብሩሽ ሂዱበትና በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ቡናማ ከሆነ ዕቃው ገና አልታጠበም።

በረኪና ላይም ልንነጋገር ይገባል። ብዙዎቻችን ዕቃውን ከማጠባችን በፊት 0.5 በመቶ ክሎሪን ውስጥ ዘፍዝፉት ተብለን ነው የተማርነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ይህን አይመክርም። ክሎሪን ብረቱን ይበላዋል፣ ደም ሲነካው ደግሞ ራሱ ይደክማል።

ነባር አባል

ልጄ፣ ሃያ ዓመት በዚሁ ነው የሠራሁት፣ በረኪናው ይቅር ሲባል ይከብደኛል። ዕቃውን የሚያጥበው ሰውስ? እሱን የሚጠብቀው በረኪናው አልነበረም?

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ ጋሼ። አጣቢውን የሚጠብቀው ወፍራም ጓንት፣ የፊት መከለያና ውሃ የማያስገባ ሽርጥ ነው። ዘፍዝፈነዋል ስንል «ከእንግዲህ አይጎዳም» ብለን በስስ ጓንት እንገባበታለን፣ አደጋው እሱ ነው። ስለዚህ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፉ የሚቆመው የአጣቢው መከላከያ ከተሟላ ብቻ ነው ብለን አብረን እንጻፈው። ሁለቱን ለያይተን አናቅርብ።

ነባር አባል

እንደዚያ ከሆነ እስማማለሁ። «ብቻ» የምትለዋ ቃል እንዳትወጣ።

የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሻን

እኔ ደግሞ አውቶክሌቭ የሚገባውን ጥቅል ስለምናሽግበት ቴፕ። ቴፑ ላይ ጥቁር መስመር ስለወጣ ዕቃው መክኗል ብለው የሚያስቡ ባልደረቦች አሉ። ቴፑ የሚናገረው ጥቅሉ ሙቀት እንዳገኘ ብቻ ነው። በቂ ሙቀት ለበቂ ጊዜ መሐሉ ድረስ ስለመግባቱ አይናገርም። ለዚያ የስፖር ምርመራ አለ፣ ሙቀት በጣም የሚቋቋም የባክቴሪያ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የተኛ ባክቴሪያ) ከዕቃው ጋር አብሮ ይገባል፣ ከሞተ ማሽኑ ሠርቷል። ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይደረግ። እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅልም እንደ መከነ አይቆጠር፣ እርጥበቱ ተህዋስ ያስገባል። ይመለስ። ትሪውን አጭቃችሁ አትሙሉት፣ እንፋሎቱ መተላለፊያ ይፈልጋል። ከጥገና ጥሪዎቼ ብዙዎቹ ላይ ማሽኑ ደህና ሆኖ አጫጫኑ ነው ችግሩ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ኢንዶስኮፕ፣ ማለትም የሰውነት ውስጥ የምናይበት ቱቦ መሰል መሣሪያ፣ ይካተት። ሙቀት ስለማይችል በኬሚካል ነው የምናጸዳው፣ ውስጡ ደግሞ ረጃጅም ቀጭን ቱቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ወደ ሐሞት ቱቦ በሚገባው የኢንዶስኮፕ ዓይነት ላይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። የአምራቹ መመሪያ በትክክል ተከብሮም እንኳ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ከታካሚ ወደ ታካሚ ተላልፈዋል፣ ምክንያቱም የዕቃው አሠራር ራሱ ለማጽዳት አስቸጋሪ ነው። ይህን የማነሳው ሐሳባችን ሠራተኛውን ብቻ የሚወቅስ እንዳይሆን ነው።

ረቂቁን የያዘችው ነርስ

ሁሉንም አንብቤ እንደገና ጻፍኩት። አንቀጽ አንድ ቆጠራ። አንቀጽ ሁለት እጥበትና የአጣቢው መከላከያ፣ በረኪናውም «ብቻ» ከምትለው ቃል ጋር እዚሁ ገብቷል። አንቀጽ ሦስት የስፖር ምርመራና መዝገብ። መዝገቡ ላይ የማሽኑ ዙር ቁጥር በታካሚው ካርድ ላይም ይጻፍ ብያለሁ። አንድ ዙር ወድቆ ቢገኝ የትኛው ታካሚ ጋ እንደምንደውል የምናውቀው በእሱ ነው። አንቀጽ አራት የወንበሩ ውሃ። ኢንዶስኮፑን ለብቻው አባሪ አደረግኩት፣ ዶክተር፣ እርስዎ ይጻፉልኝ፣ እኔ በቂ አላውቀውም።

አውቶክሌቭ ይገዛ ያላችሁ አልተረሳችሁም። ቆጠራው ማሽን እንደሚያንስ ካሳየ ማሽን እንጠይቃለን፣ ሃንድፒስ እንደሚያንስ ካሳየ ሃንድፒስ። የቆጠራውን ቅጽ ዛሬ ማታ እልክላችኋለሁ፣ አንድ ገጽ ነው። አምስት የሥራ ቀን ሙሉልኝ፣ የተጨናነቀውን ቀን ጭምር። ዕቃ አጥታችሁ በአልኮል ጠርጋችሁ የተጠቀማችሁበት ጊዜ ካለም ጻፉት። ስም አያስፈልግም፣ ቁጥሩን ብቻ።