በ43 ዓመቴ ኦቲዝም እንዳለብኝ አወቅኩ፣ ለቅሬው (ለዕድሩ) ልናገር?

የጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የምኖረው፣ የስቶር ሠራተኛ ነኝ። ትንሹ ልጃችን አፉን ለመፍታት ሲዘገይ አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርነው፣ ኦቲዝም ነው አሉን። ሐኪሟ ስለ ልጁ ስትጠይቅ እናቱ ትመልሳለች፣ እኔ ዝም ብዬ ስሰማ ግማሹ ስለኔ ልጅነት የተጠየቀ መሰለኝ። በኋላ እኔም ተመረመርኩ። አለብህ ተባልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለፈው ሁሉ እየተገለጠልኝ ነው። ልጅ ሆኜ የሹራብ አንገት ሲነካኝ የማለቅሰው፣ ሰርግ ላይ ሞንታርቦ ሲከፈት ከዳሱ ወጥቼ አጥር ጥግ የምቆመው፣ የዕቃ ገቢው ሞዴል 19 እና የወጪው ሞዴል 22 ካልተናበቡ እንቅልፍ የማይወስደኝ፣ ግን ሰው "እንዴት ነህ፣ ልጆች ደህና?" ሲለኝ መልሱ የሚጠፋኝ። ኩሩ ነው ተባልኩ፣ ሰው አይወድም ተባልኩ። እኔ ሰው እወዳለሁ፤ ሲበዛ ነው የሚደክመኝ።

የከበደኝ ቅሬው ነው። እኛ አገር ከቅሬ የራቀ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ቀብር እወጣለሁ፣ ድንኳን ውስጥ ተጨናንቆ መዋል ግን አልችልም። ልንገራቸው? ባለቤቴ "አበደ እንዳይሉህ" ብላ ትፈራለች።

ነርሷ፦
አብሽር ወንድሜ። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ኦቲዝም አብሮ የሚወለድ ነው፣ በአርባ ዓመት አይጀምርም። የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም የጻፈው ስለ ሕፃናት ነበር፣ ለብዙ ዘመንም የልጆች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ተያዘ። አፉን የፈታ፣ ትምህርት የሚገባው ልጅ ይታለፍ ነበር። እንዲህ ያለው ላይ አስፐርገር ይባል የነበረውን የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች መመሪያ ከኦቲዝም ጋር የጠቀለለው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እኛም አገር ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ጆይ ማዕከልን ስትከፍት አንተ ጎረምሳ ነበርክ፣ ታዲያ ማን ይፈልግልህ? ደግሞ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ሲደፋ እኛ ጨዋ ነው ብለን እንመርቀዋለን። ዓይን አለማየቱ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ማንም አያስበውም።

ለሌሎቻችሁም፦ የደም ምርመራም የጭንቅላት ራጅም የለውም። ሐኪሙ የልጅነት ታሪክ ስለሚጠይቅ እናት ወይም ታላቅ እህት ይዛችሁ ሂዱ። የሚያጠፋው መድኃኒት የለም። አብሮት የሚመጣ ጭንቀት፣ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ግን ይታከማል፣ እሱን ችላ አትበሉት።

እህታችሁ ከወልዲያ፦
እኔም በጉልምስና ነው ያወቅኩት። ሴት ስትሆኚ መደበቁ ይብሳል። ቡና ላይ ጎረቤቶቼ ሲስቁ አይቼ እስቃለሁ፣ ከአቦል እስከ በረካ ስደርስ ጉልበቴ ያልቃል፣ ከዚያ በር ዘግቼ እተኛለሁ። አሁን ማፍላቱን እኔ ያዝኩት። ስቆላ፣ ስወቅጥ፣ ስቀዳ አውሪ የሚለኝ የለም፣ የሚቀየመኝም የለም።

ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። እናቴ "ምን በድዬሽ ነው የማታቅፊኝ" ትለኝ ነበር፣ መልሱን ሳትሰማ ሞተች። አንተ እናትህ ካሉ ቶሎ ንገራቸው።

የቅሬ ዳኛ፦
ወንድሜ፣ ስሙን ለሁሉም መናገር ግዴታ የለብህም። ዳኛውን፣ ማለት የቅሬውን መሪ፣ ለብቻው ያዘውና "ጫጫታ ጤናዬን ይነካኛል፣ መቀመጥ አልችልም፣ ሥራ ግን ስጡኝ" በለው። ቅሬ የሚቀየመው በቀረ ሰው ነው እንጂ ድንኳን ተክሎ፣ ሳህንና ብርጭቆ ቆጥሮ በሚያስረክብ ሰው አይደለም። እኛ ጋ ሁሌ ዕቃ ይጎድላል፣ መዝገብ የሚይዝ ጠፍቶ ነው የምንቸገረው። የልጅህን ነገር ግን በግልጽ ተናገር። ነገ ሰርግ ላይ ጆሮውን ይዞ ሲጮህ "ጂኒ ይዞት ነው" እንዳይሉት ቀድሞ የሚያስረዳለት ሰው ያስፈልገዋል።

የጦሳ ሥር፦
አላህ ይስጥልኝ። እናቴ አለች፣ ኩታበር ነው ያለችው፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ዳኛችን ግን ፊት ለፊት ሲያናግሩኝ ቃል ይጠፋኛል። በወረቀት ጽፌ ብሰጠው ነውር ይሆናል?

የቅሬ ዳኛ፦
ምን ነውር አለው፣ ጻፍለት።