የ«ዘ ስፔሻልስ» የ1979 አልበም በእርግጥ ዘረኝነትን ቀንሷል ወይስ ዝናው ተጋኗል?

የሸክላ ወዳጅ፦ የእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ ባንድ የሆኑት «ዘ ስፔሻልስ» እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1979 ያወጡት የመጀመሪያ አልበም፣ ስካ የተባለውን የጃማይካ የጭፈራ ሙዚቃ ከፐንክ ሮክ ቁጣ ጋር አዋሕዶ በእንግሊዝ የአልበም ሽያጭ ሠንጠረዥ 4ኛ ደረጃ የደረሰው፣ በዘመኑ የነበረውን ዘረኝነት ቀንሷል ወይ? እኔ ቀንሷል እላለሁ። የባንዱ መሥራች ጄሪ ዳመርስ ጥቁርና ነጭ ሙዚቀኞችን በአንድ መድረክ እኩል ሲያቆም፣ አሳታሚው «ቱ ቶን» ደግሞ ጥቁርና ነጭ ዳማን ምልክቱ ሲያደርግ፣ መልእክቱ ግጥሙን ልብ ብሎ ላላዳመጠ ወጣት እንኳ ደርሷል።

ተጠራጣሪ፦ ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ጊዜው ግን አይገጥምም። ናሽናል ፍሮንት የተባለው ዘረኛ ፓርቲ በሜይ 1979ኙ ምርጫ ከ300 በላይ ዕጩዎች አቅርቦ በመላ አገሪቱ ያገኘው ድምፅ 0.6 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አልበሙ የወጣው ከዚያ አምስት ወራት ቆይቶ ነው። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው መሆኑ ነው። በእኔ ግምት ፓርቲውን ይበልጥ ያዳከሙት የወግ አጥባቂ ፓርቲ መሪዋ ማርጋሬት ታቸር ናቸው፤ በጃንዋሪ 1978 በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡ በባዕድ ባህል እንዳይዋጥ ይሰጋል በማለታቸው የፓርቲውን ደጋፊዎች ወደራሳቸው ስበዋልና።

የኮቨንትሪ ነዋሪ፦ ወንድሜ፣ ስለ ምርጫው ያነሡት ልክ ነው፤ ሆኖም የምርጫ ሣጥንና የጎዳና ኑሮ ለየቅል ናቸው። ፓርቲው ከተሸነፈ በኋላም ጥቃቱ አልቆመም፤ የባንዱ ጊታሪስት ሊንቫል ጎልዲንግ ራሱ በ1980 በዘረኞች ተደብድቦ ቆስሏል፤ በ1981 ጸደይ ደግሞ እዚሁ ከተማችን መሐል አንድ የእስያ ተወላጅ ተማሪ ስኪንሄድ በሚባሉ ጸጉራቸውን በተላጩ ወጣቶች በጩቤ ተወግቶ ሕይወቱ አልፏል፤ ባንዱም በዚያው ዓመት ጁን ላይ በከተማው የፀረ ዘረኝነት ኮንሰርት አቅርቧል። ልብ ሊባል የሚገባው ዘረኞቹ አባል የሚመለምሉት ባንዱ ወደሚጫወትባቸው አዳራሾች ከሚመጡት ሥራ አጥ ወጣቶች መካከል መሆኑን ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ለቀባሪው ማርዳት አልነበረም።

ተጠራጣሪ፦ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ጭፈራውን ወድዶ መልእክቱን በር ላይ ጥሎ የወጣውስ ስንቱ ነው? የ1981ዱ ግድያ የደረሰው አልበሙ ከተደመጠ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ ያውም በባንዱ የትውልድ ከተማ ነው።

የሸክላ ወዳጅ፦ «ቀንሷል» ያልኩትን አነሣለሁ፤ ቸኩያለሁ። በ1984 ዳመርስ ኔልሰን ማንዴላ እንዲፈቱ የሚጠይቀውን ዘፈን ሲያወጣ ጥያቄው አንድና ግልጽ ስለነበር ውጤቱን መከታተል ይቻላል፤ የ1979ኙ አልበም ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አልያዘም። ያደረገው ነገር፣ መልማዮቹ የሚያሳድዷቸውን ልጆች ለአንድ ምሽትም ቢሆን በጥቁር ዘፋኝ ፊት ማስጨፈር ነው።

ተጠራጣሪ፦ «ለአንድ ምሽት» በሚለው ላይ ተስማምተናል።