ዌብሳይቱ ወደ አዲስ ሆስት ዞሮ ኢሜይሉ ቆመ፤ ከዲኤንኤስ ሪከርዶቹ የትኛውን ልንካ?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፤ እህታችሁን አንድ በሏት። ጉዳዩ ኮምቦልቻ ያለ የዱቄትና የዘይት አከፋፋይ ድርጅት ነው። ዌብሳይቱን ወደ አዲስ ሆስት ስናዞር ዶሜይኑ የተገዛበት ቦታ ገብተን ኔምሰርቨሩን ትናንት ቀየርነው። ዶሜይኑ ዶት ኮም ነው። ኢሜይሉ ድሮም ሆስቱ ላይ አልነበረም፣ የጉግል ወርክስፔስ ነው። አሁን ሳይቱ ይከፈታል፣ ኢሜይሉ ግን ግማሹ አይገባም። የጅቡቲው ትራንዚተር የላከው «እንዲህ የሚባል ተቀባይ የለም» ተብሎ ተመልሶበታል፤ ደሴ ያለ ደንበኛ የላከው ደግሞ ገብቷል። አንዳንድ ስልክ ላይ አሁንም አሮጌው ሳይት ነው የሚመጣው። አዲሱ ሲፓነል (የሆስቱ መቆጣጠሪያ ገጽ) ላይ ኤ፣ ሲኔም፣ ኤምኤክስ፣ ቲኤክስቲ የሚሉ መስመሮች ተደርድረዋል። የትኛው የሳይቱ ነው፣ የትኛው የኢሜይሉ? አንዱን ስነካ ሌላው እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ ነው።

ጦሳ ማዶ፦
አብሽሪ፣ ይስተካከላል። ግን ከሁሉ በፊት የድሮውን ሆስት አካውንት እንዳትዘጊው።

ኔምሰርቨር ሲቀየር የሚቀየረው የሳይቱ አድራሻ ብቻ አይደለም። ስለ ዶሜይኑ ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ የሚሰጠው ሰርቨር ሌላ ይሆናል። በድሮው ዞን (የዶሜይኑ ሪከርዶች ዝርዝር) የነበሩት የጉግል ኤምኤክስ (ኢሜይሉን የሚቀበለውን ሰርቨር የሚናገር) እና ቲኤክስቲ (የጽሑፍ ማረጋገጫ) መስመሮች ተከትለው አይመጡም። ሲፓነል ደግሞ ዶሜይን ሲጨመርበት የራሱን ዞን ይፈጥርና ኤምኤክሱን ወደ ዶሜይኑ ወደ ራሱ ያዞረዋል። ስለዚህ ለእናንተ የተላከው ኢሜይል አዲሱ ሆስት ጋ ይደርሳል፤ እዚያ በእናንተ ስም የተከፈተ ሳጥን ስለሌለ በ550 የስህተት ኮድ ይመለሳል። በ5 የሚጀምር መልስ የመጨረሻ ነው፤ የላኪው ሰርቨር ደግሞ አይሞክርም። ትራንዚተሩ እንደገና እንዲልክ ንገሩት።

ግማሹ የሚገባው የዶት ኮም ሰርቨሮች የኔምሰርቨር መረጃውን በ172800 ሰከንድ ቲቲኤል (መልሱ ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ) ስለሚሰጡ ነው፤ ያ 48 ሰዓት ነው። ከለውጡ ጥቂት ቀደም ብሎ ጠይቆ ካሽ ያደረገ (መልሱን ይዞ ያቆየ) ኔትወርክ እስከ 2 ቀን ድረስ የድሮውን ኔምሰርቨር ነው የሚጠይቀው። አሮጌ ሳይት የሚያሳየው ስልክም ምክንያቱ ይኸው ነው።

የሳይቱ መስመሮች ኤ እና ሲኔም ናቸው። ኤ ስምን ከአይፒ ቁጥር ጋር ያገናኛል። ሲኔም «ይህ ስም የዚያ ስም ሌላ መጠሪያ ነው» ይላል፤ ደብሊው ደብሊው ደብሊው ያለበት ስም በአብዛኛው በሲኔም ወደ ዋናው ዶሜይን ይዞራል። ዋናው ዶሜይን ላይ ግን ሲኔም አይገባም፤ ሲኔም ካለበት ስም ላይ ሌላ ሪከርድ መኖር አይችልም፣ ዋናው ስም ላይ ደግሞ ኤስኦኤ እና ኤንኤስ የሚባሉ ሪከርዶች የግድ አሉ። እነዚህ አሁን ልክ ናቸው፣ አትንኪያቸው።

የምትነኪው ኤምኤክሱን ነው። ሲፓነል ራሱ የሠራውን አጥፊና ጉግል አሁን የሚሰጠውን ነጠላ መስመር በቅድሚያ ቁጥር 1 አስገቢ። ድሮ የተመዘገቡ ዶሜይኖች ላይ 5 መስመር ነበር፤ ያም ስለሚሠራ በድሮው ዞን ያገኘሽውን እንዳለ መገልበጥም ይቻላል። የሆስቱን ኤምኤክስ «ለመጠባበቂያ» ብለሽ በትልቅ ቁጥር እንዳትተዪው። ትንሹ ቁጥር ቀድሞ ይሞከራል፤ ላኪው ጉግልን ለአፍታ ካጣ ወደ ሆስቱ ይሄድና ያው 550 ይመጣል።

ፒያሳ ኔት፦
ይህን ሁሉ ከምትደክሚ ኔምሰርቨሩን ወደ ድሮው መልሺውና እዚያ ኤ ሪከርዱን ብቻ ወደ አዲሱ አይፒ ቀይሪ። ኢሜይሉ ሳይነካ ሳይቱ ይዞራል።

ጦሳ ማዶ፦
ወንድሜ፣ ከመዞሩ በፊት ቢጠየቅ ኖሮ ትክክለኛው መንገድ እሱ ነበር። አሁን ከመለሰችው ግን አዲሱን ካሽ ያደረገው ሁሉ ሌላ 48 ሰዓት ይጀምራል። የሚሻለው ሁለቱን ዞኖች አንድ ማድረግ ነው፦ ድሮው ዞን ላይ ኤ ሪከርዱን ወደ አዲሱ አይፒ፣ አዲሱ ዞን ላይ የጉግልን ኤምኤክስና ቲኤክስቲዎች። ማንኛውም ሰርቨር ቢጠየቅ መልሱ አንድ ከሆነ የካሹ ነገር አያሳስብም። የድሮው ዞን ላይ ለሳይቱ ባለ አራት ኤው ሪከርድ ካለ ያጥፉት፤ በአይፒቪ6 የሚገናኝ ስልክ በእሱ በኩል ወደ አሮጌው ማሽን ይሄዳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተሽ በኤንኤስሉክአፕ ዓይነቱን ኤምኤክስ አድርገሽ ዶሜይኑን ጠይቂ፤ ከዶሜይኑ ቀጥሎ የኔምሰርቨሩን ስም ጻፊ። አንዴ የድሮውን፣ አንዴ የአዲሱን። እንዲህ ሲደረግ መልሱ ከምንጩ ነው የሚመጣው፣ የማንም ካሽ መሃል አይገባም።

የቦርከና ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ፣ ኢሜይሉም መግባት ጀመረ። የእኛ የሚላከው ግን ሰዎች ጋ ስፓም ውስጥ ነው የሚወድቀው። ከድሮው ዞን ቲኤክስቲዎቹንም ገልብጬአለሁ።

ቧንቧ ውሃ፦
እህቴ፣ አንድ የላካችሁትን መልእክት የተቀበለ ሰው በጂሜይሉ ከፍቶ ሦስቱን ነጥብ ይጫንና «ሾው ኦሪጅናል» ይበል። ከላይ ኤስፒኤፍ (በስማችሁ መላክ የሚችሉ ሰርቨሮች ዝርዝር)፣ ዲኪም (የመልእክቱ ዲጂታል ፊርማ)፣ ዲማርክ (ማረጋገጫው ሲወድቅ ተቀባዩ ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ፖሊሲ) የሚሉ መስመሮች ይወጣሉ። ኤስፒኤፍ «ፐርም ኤረር» (ዘላቂ ስህተት) ካለ ምናልባት ሁለት የኤስፒኤፍ መስመር አለ ማለት ነው፤ አንዱ ሲፓነል የሠራው፣ አንዱ አንቺ የገለበጥሽው። ለአንድ ስም አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሁለት ሲሆን ተቀባዩ የሚመርጠው የለም፣ ሁለቱንም እንደ ስህተት ነው የሚቆጥራቸው።

ወደ አንድ አዋህጃቸው፦ መጀመሪያ የሥሪት ምልክቱ፣ ቀጥሎ ከሲፓነሉ መስመር የሰርቨሩ አይፒ፣ ቀጥሎ የጉግል ኢንክሉድ፣ መጨረሻ ላይ አንድ «ኦል» ብቻ። ፓነሉ ላይ ሁሉም በላቲን ፊደል ስለሆነ በእጅ አትጻፊ፣ ከየመስመሩ ኮፒ አድርጊ። ኢንክሉድ፣ ኤ እና ኤምኤክስ የሚሉት ክፍሎች እያንዳንዳቸው የዲኤንኤስ ፍለጋ ያስነሳሉ፤ በኢንክሉዱ ውስጥ ያሉትም ተደምረው ጣሪያው 10 ነው። በቁጥር የተጻፈ አይፒ አይቆጠርም። ካለፈ ያው ፐርም ኤረር ነው።

ዲኪሙ በራሱ ስም የሚቀመጥ ሌላ ቲኤክስቲ ነው። የ2048 ቢት ቁልፍ ረጅም ነው፤ ቲኤክስቲ ውስጥ ደግሞ አንድ ሕብረ ቁምፊ ከ255 ፊደል አይበልጥም። መክፈሉን የማያውቅ ፓነል መጨረሻውን ይቆርጠውና ፊርማው ሁልጊዜ ይወድቃል። የገለበጥሽውን ጫፍ ከድሮው ጋር አስተያዪው።

ዲማርክ ካልነበራችሁ ፖሊሲውን «ነን» (ምንም አታድርግ) ብላችሁ ጀምሩ፣ ሪፖርት የሚደርስበት ኢሜይልም ጨምሩ። ሪፖርቶቹ የራሳችሁ ላኪዎች ሁሉ እንደሚያልፉ ሲያሳዩ ወደ «ኳራንቲን» (ወደ ስፓም ውሰድ) ይኬዳል። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጉግልና ያሁ ከማንኛውም ላኪ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ይጠይቃሉ፤ በብዛት ለሚልክ (በጉግል መለኪያ በቀን 5000 እና ከዚያ በላይ) ሁለቱንም ከዲማርክ ጋር።

የቦርከና ልጅ፦
በእርግጥ ሁለት ነበሩ! አንድ አደረግኳቸው፣ አሁን ሦስቱም «ፓስ» ይላሉ። አንድ ነገር ቀረች፦ ደንበኛ ሳይቱ ላይ ባለው ፎርም የሚልክልን ትእዛዝ አይደርሰንም። ከውጭ የሚላከው ሁሉ ይደርሳል።

ጦሳ ማዶ፦
እሱ የዲኤንኤስ አይደለም። ሲፓነሉ ዶሜይኑን የራሱ አድርጎ ስለሚያይ፣ ከዚያው ማሽን ለእናንተ የሚላክን መልእክት ኤምኤክስ ሳይጠይቅ እዚያው ውስጥ ሊያደርስ ይሞክራል። «ኢሜይል ራውቲንግ» ውስጥ ግቢና «ሎካል» ወይም «አውቶማቲክ» የሚለውን ወደ «ሪሞት ሜይል ኤክስቼንጀር» ቀይሪው። ከዚያ ፎርሙን አንዴ ሞክሪና ጉግል ሳጥኑ ውስጥ እዪ። እስካሁን የተሞሉት ትእዛዞች፣ ዲፎልት አድራሻው መልእክት እንዲይዝ ተደርጎ ከሆነ፣ በሲፓነሉ ዌብሜይል ዋና አካውንት ውስጥ ተከማችተው ታገኚያቸዋለሽ።